ቃሬዛው እንዲዞር

መጀመሪያ የሄድሁት ላፕቶፕ ይዤ ነበር፣
የቅሬው ሽማግሎች ከተሰበሰቡበት በር።
መቶ ዐርባ ደረጃ፣ ከጅረቱ አፋፍ፣
ጦሳን ተደግፎ እስከ አስፋልቱ ጫፍ፤
ጥላ ያጠላበት፣ ጥድ የቆመበት፣
የማንም ያልሆኑ ሰዎች እየሳቁ የሚወጡበት።
አሳየኋቸው።

ማንም አልጠየቀ። «ያምራል» አሉ፤ መረቁ፤
ያላለቀን ነገር ሳይነኩት አጸደቁ።
የቅሬው ዳኛማ፣ ጋሽ እሸቱ፣
ማኅተም ሊያመጡ ገቡ ወደ ቤቱ።

ቅር አለኝ።
የተወለወለ ነገር አፍ ይዘጋል መሰል፤
ሰው ጫማውን አውልቆ ከደጅ የሚቆምበት ሳሎን ይመስል።

ማታ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወርድ
ተሳቢ መኪና ገጠመን በመንገድ፤
ለመታጠፍ ብቻ ግራ ቀኙን ያዘ፤
ቆምን፣ ጥግ ይዘን፣ እስኪሄድ።
አየሁት። ግን ምኑም አልገባኝ።

እሑድ ተመለስሁ። ደሴ ጉም ለብሳለች፤
ላፕቶፔ ከነቦርሳዋ ኮምቦልቻ ቀርታለች።
ከሰይድ መደብር ባዶ የስሚንቶ ከረጢት ለመንሁ፤
አራግፌ፣ በስፌቱ ቀድጄ፣ መሬት ላይ ዘረጋሁ፤
በአራት ጠጠር አስያዝሁት። ሰማያዊ ቢክ አወጣሁ።

ቢኩ በብናኙ ታነቀ።
ተነፈስሁበት፤ አሸሁት፤ መዳፌ ላይ ጫርሁ፤
መጣ።
አንድ ጠማማ መስመር፤ ከጎኑ ሌላ ጠማማ፤
ላጲስ የለ፤ የሳትሁት እንደ ሳትሁት፣
ዐይን እያየ፣ ሰው እየሰማ።

«ይኼንንማ የኔም ልጅ ይስለዋል!» አለ አንዱ። ሳቁ።
እየሳቁ ቀርበው ወረቀቱ ላይ ወደቁ።

ወይዘሮ ትብለጥ በምርኩዛቸው ጫፍ፦
«ይኼ የኔ በር ነው? ታዲያ የነሐሴ ጎርፍ
በኔ ሳሎን ነው የሚያልፍ?»
ጎርፉን ሣልሁት።
አንዱ የተቀበረ የውኃ ቧንቧ አሳየኝ፤
አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ የሚያንሸራትቱትን ድንጋዮች አስቆጠረኝ።

ሙሄ ነው የቀረው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆንያ በትከሻው፣
ይኽን ዳገት ጉልበቱ በቃሉ የሚያውቀው።
ቢኩን ተቀበለኝ፤ እንደ ሚስማር ጨበጠው፤
ከመሃል ክብ አዞረ፦ «ሸክም እዚህ ይወርዳል፤
ትንፋሽ እዚህ ነው የሚያልቀው።»
ከዚያ ወደ ላይ ሄደ። ከእጥፋቱ ሲደርስ
እጁ ቆመ። «ቃሬዛውሳ?» አለ ቀስ
ብሎ። «እዚህ ጋ እንዴት ነው የሚዞረው?»

ደጁ ጸጥ አለ።
አምና የከማልን እናት ሲያወጡ፣ በዚያች ጥግ፣
የፊተኞቹ ሲታጠፉ የኋለኞቹ ግንብ ገጠማቸው፤
በሕይወቷ አንገቷን ለሰው ያላዘነበለችውን ሴት
አዘነበሏት።
ከማል እዚያው ቆሟል። መሬት መሬት ያያል።

«ተነሡ» አለ ሙሄ። አግዳሚ ወንበሩን አነሡ፤
ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ (አንዱ ከማል ነበር)፤
በደጁ አፈር ላይ ታጠፉ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ፤
እንደገና ዞሩ።
እኔ በጉልበቴ እየዳኽሁ፣ ዳናቸውን በስንዝር እየለካሁ፣
የመጀመሪያውን መስመር ሰረዝሁ፤ ሁለተኛውንም ሰረዝሁ፤
ወረቀቱ ተቀደደ፤ ከሌላ ከረጢት ቁራጭ ለጠፍሁ።
በዚያች ጥግ ስፋቱ እጥፍ ሆነ።

ኮምቦልቻ ወርጄ በኮምፒውተር አቀናሁት፤
ልክ አስገባሁለት፣ ቁጥር ጻፍሁበት፤
ጋሽ እሸቱም ማኅተሙን መቱበት።
ከረጢቱ ግን ተጣጥፎ በቅሬው መዝገብ ውስጥ ነው፣
በመዋጮና በሟቾች ስም መካከል፤
ሲገልጡት ዛሬም ስሚንቶ ያራግፋል።

ደረጃው ተሠራ። አላፊ አግዳሚው
«እዚህ ጋ ለምን ሰፋ?» ይላል፤
ልጆች ብይ ይጫወቱበታል።
ሙሄ ከክቡ ሲደርስ ጆንያውን ያወርዳል፤
ከጆሮው ጀርባ ሰማያዊ ቢክ አለ፣
ያን ቀን ተቀብሎኝ ያልመለሰው።

አልጠየቅሁትም።